የማስተርስ ዲግሪ ለሰባተኛ ክፍል

(በጋፋት በተደረገ የተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)




 ይህን ጽሑፍ ያሰናዳነው በልዩ ፍላጎት ትምህርት ዘርፍ ለማስተርስ ዲግሪ የምንዘጋጅ ተማሪዎች በአንድነት ተመካክረን ነው። ከመካከላችን አንዳንዶቻችን ከዚህ በፊት በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል ያስተማርን ስለ ሆንን የምንናገረው ከመጽሐፍ ብቻ ተነሥተን አይደለም።

ልናስረዳ የምንፈልገው ነገር አንድ ነው። ይኸውም ይህ ዲግሪ ከሰባተኛ ክፍል የሚያርቀን ከሆነ ለእኛ ማዕርግ ይሆነን እንደ ሆነ እንጂ ለአገሩ ልጅ አንዳች አይጠቅመውም፤ ወደ ሰባተኛ ክፍል የሚመልሰን ከሆነ ግን ብዙ የተዘጋ በር ይከፍታል የሚል ነው።

የተሰበሰብንበት ስፍራ ራሱ ለዚህ ነገር ምሳሌ ይሰጠናል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በዚህች በጋፋት የአውሮፓ የእጅ ጥበብ ዐዋቂዎችን አስፍረው መሣሪያ ያሠሩ እንደ ነበር፣ የሀገሩም ወጣቶች ፊደልና የእጅ ሥራ የሚማሩበት ትምህርት ቤት እንዳቋቋሙ በታሪክ ተምረናል። ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ሁሉም ሰው ያነሣል፤ ትምህርት ቤቱን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። መድፉ ከተሠራ በኋላስ ምን ሆነ? ንጉሠ ነገሥቱ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ጉዞው ይህን ያህል ወራት የፈጀው ይበልጡን ገደሉን እየናዱ፣ ድንጋዩን እየፈነቀሉ ለመድፉ መንገድ መጥረግ ስለ ነበረባቸው ነው። መድፍ ያለ መንገድ ከተሠራበት ስፍራ አይነቃነቅም።

በልዩ ፍላጎት ትምህርትም ያለንበት ሁኔታ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ትልልቅ ሰነዶች ተሠርተዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኞችም ሆኑ ልዩ ተሰጥዎ ያላቸው ልጆች እንደ ችሎታቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ ዓላማ አድርጎ ተነሣ። በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1994፣ የ92 መንግሥታት ተወካዮች በስፔን ሀገር በሳላማንካ ተሰብስበው መደበኛው ትምህርት ቤት ለማንኛውም ልጅ በሩን እንዲከፍት ተስማሙ። ትምህርት ሚኒስቴር በ1998 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ አወጣ፤ በ2004 ዓ.ም. አሻሻለው። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጸደቀች፤ የስምምነቱም 24ኛ አንቀጽ ስለ ትምህርት ነው። እንግዲህ መድፉ ተሠርቷል ማለት ነው። ወደ ጉና ተዳፋት፣ ወደ ጋይንትና ወደ እስቴ መንደር የሚያደርሰው መንገድ ግን መምህሩ ነው።

ልጆቹስ ስንት ናቸው? በ1999 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብና የቤት ቆጠራ በኢትዮጵያ አካል ጉዳተኛው ከመቶ 1 ገደማ ነው አለ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ሪፖርት ግን ለኢትዮጵያ የሰፈረው ግምት ከመቶ 17.6 ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ይበልጡን የአጠያየቅ ልዩነት ነው። አንድ ቆጣሪ ከደጅ ቆሞ «አካል ጉዳተኛ አለ ወይ?» ቢል፣ ቤተሰቡ ወይ በሐፍረት ልጁን ይደብቃል፤ ወይም ፈጽሞ የማያየውን እንጂ አጨናብሶ የሚያየውን አይቆጥረውም። «መነጽር ቢያደርግም እንኳ ለማየት ይቸግረዋል ወይ? ለመስማትስ? ለመራመድስ? ለማስታወስስ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ ይለወጣል። ይህን ሁለተኛውን ዐይነት ጥያቄ በየቀኑ ለመጠየቅ የሚችል፣ ልጁንም ፊት ለፊት የሚያየው ሰው መምህር ነው። ሰነፍ የተባለው ተማሪ መስማት ያቃተው ሊሆን ይችላል፤ ረባሽ የተባለችውም ሰሌዳው የማይታያት ልትሆን ትችላለች።

እዚህ ላይ «ስለምን ሰባተኛ ክፍልን ለይታችሁ አነሣችሁ?» የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። ጥንት መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ይባል የነበረው 7ኛና 8ኛ ክፍል፣ በ1986ቱ ፖሊሲ በስምንት ዓመቱ አንደኛ ደረጃ ውስጥ ተጠቃሎ ከቆየ በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም. በጸደቀው ፖሊሲ መካከለኛ ደረጃ ተብሎ እንደገና ራሱን ችሏል። ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ነገር ግን በእነዚህ ሁለት ዓመታት ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜ ይደርሳሉ።

አንደኛ፣ መምህሩ ይበዛል። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች አንድ መምህር ልጁን ቀኑን ሙሉ ሲያየው ስለሚውል ጠባዩንም ችግሩንም ያውቃል። በሰባተኛ ክፍል ግን በየክፍለ ጊዜው ሌላ መምህር ይገባል፤ ሁሉም የየራሱን ትምህርት እንጂ ልጁን አያውቅም። የሁሉም የሆነ ልጅ የማንም ሳይሆን ይቀራል።

ሁለተኛ፣ ትምህርቱ ይረቃል። ሒሳቡ በጠጠርና በጣት መቆጠሩን ትቶ በፊደል ይሆናል፤ ሳይንሱ በሥዕል፣ ጂኦግራፊው በካርታ ይመጣል።

ሦስተኛ፣ ዕድሜው ይከብዳል፤ መንገዱም ይረዝማል። ዐሥራ ሦስትና ዐሥራ አራት ዓመት የሞላው ልጅ ሌሎች እንዴት እንደሚያዩት ማሰብ የሚጀምርበት ጊዜ ነው። ደግሞም ከገጠር የሚመጣ ተማሪ ብዙ ጊዜ ከተማ ወርዶ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቅ እየተላከለት ይማራል። በክራንች የሚሄድ ልጅ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ሥር በክረምት ጭቃ እንዴት ይምጣ? ዓይነ ስውርዋን ልጅ ወላጆችዋ ከማን ጋር ቤት ያከራዩዋት? «እስከ ስድስት ከተማረች ይበቃታል» የሚባለው በዚህ ጊዜ ነው። ቃሉን የሚናገሩት ወላጆች ጨካኞች ሆነው አይደለም፤ ከዚያ ወዲያ ልጃቸውን የሚቀበል ሰው ስለማያዩ ነው።

በብዙ ትምህርት ቤቶች ዓይነ ስውር ተማሪ ሒሳብ ሲከብደው ይታዘዝለት የነበረው መድኃኒት ሒሳቡን መተው ነበር። ከርኅራኄ የመጣ ነው፤ ውጤቱ ግን ርኅራኄ የለበትም። ዓይነ ስውሩ ልጅ መሐንዲስ ወይም የኬሚስትሪ ሊቅ እንዳይሆን የተፈረደበት በዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ላይ አይደለም። የተፈረደበት በሰባተኛ ክፍል፣ ጓደኞቹ ሒሳብ ሲማሩ እርሱ ውጭ ተቀምጦ ፀሐይ ሲሞቅ ነው።

እንግዲህ ይህ ሥራ ምን ዐይነት ዕውቀት ይጠይቃል? ደግነት ብቻ የሚበቃው መስሎአቸው የሚገቡ አሉ። ደግነት ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ሙያ ነው። ጥቂት ምሳሌ እንስጥ። የሒሳብ መምህር በጠመኔው ሰሌዳውን እየነካ «ይህን ከዚህ ስንቀንስ ይህ ይመጣል» ሲል፣ ለማያየው ተማሪ ሦስቱም «ይህ» ባዶ ናቸው። «ከአሥራ ሁለቱ ኤክስ አምስቱን ኤክስ ስንቀንስ ሰባት ኤክስ ይቀራል» ቢል ግን ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ ዓይነ ስውሩን አስተማረ፤ ከኋላ የተቀመጡትም ዓይናሞች ይበልጥ ገባቸው። ሦስት ማዕዘንን በካርቶን ላይ በሲባጎና በሙጫ ማውጣት ይቻላል፤ ካርታውንም በባቄላና በምስር ፍሬ ማበጀት ይቻላል።

ብሬይልን እንውሰድ። በስድስት ነጥቦች 63 ምልክቶች ይወጣሉ። የእኛ ፊደል ግን በብሬይል ሲጻፍ ተነባቢውና አናባቢው እየተለያየ ስለሚሄድ በወረቀት አንድ የሆነው ሆሄ ብዙ ጊዜ ሁለት ቦታ ይይዛል። በስሌትና በስታይለስ የሚጽፍ ተማሪም ወረቀቱን ከጀርባ ስለሚወጋ ከቀኝ ወደ ግራ ጽፎ፣ ገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ ያነብባል። ይህን የማያውቅ መምህር ተማሪው ስለ ዘገየ ይቆጣዋል፤ የሚያውቅ ግን ለፈተናው ተጨማሪ ሰዓት ይሰጠዋል። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋም እንዲሁ የራሱ ሥርዓት አለው፤ የጣት ፊደሉ ተነባቢውን በእጅ ቅርጽ፣ ሰባቱን አናባቢዎች በእጅ እንቅስቃሴ ይለያል። ይህ ቋንቋ ነው፤ በሦስት ቀን ሴሚናር አይለመድም። ቢያንስ ግን ወደ ሰሌዳው ዞሮ የሚያስተምር መምህር መስማት ለተሳነው ተማሪ ጀርባውን እንጂ ትምህርቱን እንዳልሰጠው ማወቅ አለበት። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለው ልጅ ደግሞ አንዱን ሥራ በትንንሽ ደረጃ ከፋፍሎ፣ አንዱ ሲያዝ ወደሚቀጥለው መሻገር ራሱን የቻለ ጥበብ ነው።

ይህ ሁሉ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር የሚመስላቸው አሉ። ሀገራችን ግን ዓይነ ስውርን ማስተማር ዛሬ የጀመረች አይደለችም። የዚሁ የደቡብ ጎንደር የሆኑት የድጓው ምስክር ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባ የታወቁ ናቸው። በቃል ትምህርት ዓይነ ስውር ተማሪ ከዓይናማው እኩል ተቀምጦ ይቀጽላል፤ ዓይነ ስውር መሪጌታም ለአካባቢያችን ሕዝብ እንግዳ አይደለም። ምክንያቱ ምንድን ነው? የቃል መምህር ሁሉን በድምፅ ይላል እንጂ በጣቱ አይጠቁምም። ተማሪውም በተራው ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ያለበትን ያሰማል፤ የፈጠነው ይቀጥላል፤ የዘገየው ያንኑ ይደግማል። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ «የግል የትምህርት ዕቅድ» እያልን የምንማረው ነገር ሥሩ እንዲህ ካለው የአባቶች ልማድ የራቀ አይደለም። በዘመናዊው ትምህርት በኩልም በ1917 ዓ.ም. በደምቢ ዶሎ በሚሲዮናውያን የተከፈተው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ከመጀመሪያዎቹ የሚቆጠር ነው፤ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመንም የሰበታው መርሐ ዕውራን ተከተለ። የጎደለን ይህን ሁሉ ከመደበኛው ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ማስገባቱ ነው።

ከገባ ምን እንደሚያፈራ የታየ ነገር አለ። የትነበርሽ ንጉሤ የተወለደችው በወሎ በአማራ ሳይንት ነው። በአምስት ዓመትዋ የዓይንዋን ብርሃን አጣች። መጀመሪያ በሻሸመኔ በካቶሊክ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት፣ ቀጥላም በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከዓይናሞች ጋር ተማረች። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንታ የአካል ጉዳተኞች መብት ተከራካሪ ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ2017ም ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም ዐቀፍ ሽልማት ተቀበለች። ከልዩ ትምህርት ቤት ወደ መደበኛው ስትሻገር በሩ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር። ሉዊ ብሬይልም በፓሪስ ስድስቱን ነጥቦች ሲያሰናዳ እ.ኤ.አ. በ1824 የ15 ዓመት ልጅ ነበረ። በእኛ አቈጣጠር የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ማለት ነው።

አሁን ስለ ማስተርስ ዲግሪው እንናገር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ልዩ ፍላጎት ትምህርት ራሱን የቻለ ክፍል ሆኖ በሁለተኛ ዲግሪና በዶክትሬት ይሰጣል። በዚህ ዘርፍ ስማቸው በቀደምትነት የሚነሣው ፕሮፌሰር ጥሩሰው ተፈራ እ.ኤ.አ. በ2005 በኢትዮጵያ ስላለው የአካል ጉዳት ጉዳይ ያሳተሙት መጽሐፍም ለተማሪ ሁሉ መነሻ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተከትለዋል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ወደዚህ ትምህርት የምንገባ ሁላችን ልባችንን መመርመር ይገባናል። ዲግሪውን የምንፈልገው ከጠመኔ ለመገላገል፣ ወደ ቢሮ ወይም ወደ ውጭ ድርጅት ለመሻገር ነውን? እንግዲያማ ለአንድ ሰባተኛ ክፍል ተማሪ የደረሰለት ምንድን ነው? ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላል የሀገራችን ሰው። እኛም መማር ከመጠምጠም እንዲቀድም አራት ነገር እናሳስባለን።

1ኛ. ማንም ለዚህ ዲግሪ የሚበቃ ተማሪ ስለ ብሬይልና ስለ ምልክት ቋንቋ ትርጓሜ በማጥናት ብቻ አይለፍ። ሁለቱንም ጀምሮ፣ ከሁለቱ በአንዱ የተማሪውን ደብተር ለማረም ወይም ከተማሪው ጋር ለመነጋገር እስኪችል ይልመድ።

2ኛ. የልምምዱ ጊዜ ለጉብኝት ያህል ሳይሆን አንድ ሙሉ መንፈቅ ዓመት በመካከለኛ ደረጃ ክፍል ይሁን። ልዩ ፍላጎት የተማረው ሰው ከሒሳቡ፣ ከሳይንሱና ከቋንቋው መምህር ጋር አብሮ ትምህርቱን ያሰናዳ። የሒሳብ መምህሩን ሳያስተካክሉ ዓይነ ስውሩን ልጅ ለብቻው ማስጠናት የሚያፈስስ እንስራ እንደ መሙላት ነው።

3ኛ. የመመረቂያው ጥናት ከመደርደሪያ ይውረድ። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ጥናት በጥሩ ጥራዝ ተጠርዞ ይቀመጣል፤ መረጃውን የሰጠው መምህር ግን ምን እንደ ተገኘ አይሰማም። ስለዚህ እያንዳንዱ ተመራቂ የጥናቱን ፍሬ ነገር በአምስት ወይም በስድስት ገጽ በአማርኛ ጽፎ፣ ላጠናበት ትምህርት ቤትና ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ያስረክብ።

4ኛ. ሁሉም ትምህርት ቤት በዚህ ሙያ የሠለጠነ መምህር እስኪያገኝ መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ አንዱ በጉድኝት ማዕከሉ ተቀምጦ፣ የብሬይል ወረቀቱንና መሣሪያውን ይዞ፣ በዙሪያው ያሉትን ትምህርት ቤቶች በሳምንት በሳምንት እየዞረ ይርዳ። ለሥራ ላይ መምህራንም የክረምት ትምህርት ይመቻች፤ ሚስትና ልጆች ያሉት፣ ወይም የታመመች እናቱን የሚጦር መምህር ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራውን ትቶ ሊማር አይችልምና።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሰምተናል። የመጀመሪያው «ልዩ ትምህርት ቤት ይሻላል» የሚል ነው። በከፊል እውነት አለው። በተለይ መስማት የተሳነው ልጅ በቋንቋው የሚያናግረው ጓደኛ ያስፈልገዋል፤ ከስድሳ ሰሚዎች መካከል ብቻውን ማስቀመጥ አካቶ ትምህርት ሳይሆን ብቸኝነት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያሉት ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት ተሰብስበው፣ ቋንቋውን ከሚያውቅ መምህር ጋር ቢማሩ እንደግፋለን። ነገር ግን የልዩ ትምህርት ቤት ቁጥር ጥቂት፣ መንገዱም ሩቅ ነው። የጋይንቱ ልጅ አዲስ አበባ ድረስ እስኪላክ ቢጠበቅ፣ ብዙው ልጅ እቤት ቀርቶ ያረጃል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የደመወዝ ነው። «በሁለተኛ ዲግሪ ሰባተኛ ክፍል ማስተማር ምን ይጠቅማል?» ይሉናል። ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም፤ መምህር በባዶ ሆዱ አይሰብክም። በመካከለኛ ደረጃ ለማስተማር የፈቀደ ባለ ሁለተኛ ዲግሪ በደመወዝም ሆነ በደረጃ ዕድገት ወደ ላይኛው ክፍል ከሄደው ጓደኛው ማነስ የለበትም ብለን እናምናለን። ከጀማሪ መምህር እስከ ከፍተኛ መሪ መምህር የሚደርሰው መሰላልም ይህን ሙያ በግልጽ ይቍጠረው። ይህን ማኅበራችን አጥብቆ ሊጠይቅ ይገባዋል። ለዕለት እንጀራችን ስንጠይቅ ግን ሥራውን አስቀድመን ጀምረን እንጠይቅ።

ጊዜውም ከባድ መሆኑን አንዘነጋም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት እስከ ደቡብ ጎንደር ደረሰ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። ጦርነት ጤነኛውን አካል ጉዳተኛ ያደርጋል፤ ጥንቱንም አካል ጉዳተኛ የሆነውን ከሁሉ በኋላ ያስታውሳል። ትምህርት ቤት ሲከፈት መጀመሪያ የሚመለሱት በእግራቸው ሮጠው የሚመጡት ናቸው። ሌሎቹን ሄዶ የሚጠራቸው ሰው ያስፈልጋል።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፤ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ሲደረግ፣ አብዛኞቹ የሄዱት ወደ ትምህርት ቤቶች ነበር። ዛሬ ማንም ባያዝዘን፣ ሳይማር ያስተማረን ሕዝብ ልጆቹን ይዞ ይጠብቀናል። ለዚህም ሥራ ማስተርስ ዲግሪ እስክንይዝ መቆየት አያሻም። የአማርኛውንና የታሪኩን መጽሐፍ በድምፅ መቅዳት የሚችል አለ፤ በካርቶንና በሲባጎ ካርታ ማበጀት የሚችል አለ። በቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ሰጥቶ ለአንድ ዓይነ ስውር የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ማንበብ የሚችልማ ሁላችንም ነን። ማኅበራችን ፈቃደኞችን የሚመዘግብ አንድ ኮሚቴ ዛሬውኑ እንዲመርጥ እንጠይቃለን፤ የእኛ ስም ከመዝገቡ መጀመሪያ ይጻፍ።

መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። የጥናት ርእስ ይዘን ስንመጣ «ይህ ለሰባተኛ ክፍሉ ልጅ ምን ይጠቅመዋል?» ብላችሁ ጠይቁን። መልስ ካጣን ርእሱን መልሱልን።